ይዞራል ወይ?

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሰው እጅ የሚዘዋወር የሁለት ፓውንድ ሳንቲም አለ። ንድፉን ያወጡት ብሩስ ረሺን የተባሉ የሥዕል መምህር ናቸው። ሳንቲሙ የሰው ልጅን የሥራ ታሪክ በቀለበት በቀለበት ያሳያል፦ መሐሉ ላይ የብረት ዘመን፣ ቀጥሎ የኢንዱስትሪ አብዮት፣ ከዚያ የኮምፒውተር ዘመን፣ ወደ ዳር ደግሞ ኢንተርኔት። የኢንዱስትሪ አብዮቱን የሚወክሉት ጥርስ ለጥርስ የተናከሱ ማርሾች ናቸው። ብዛታቸው 19 ነው። ነገሩ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው፤ 19 ማርሾች በክብ ከተያያዙ አንዱም ንቅንቅ አይልም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የተናከሱ ሁለት ማርሾች ሁልጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። አንደኛው ወደ ቀኝ ከዞረ ሁለተኛው ወደ ግራ፣ ሦስተኛው እንደገና ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀለበቱ ሲዘጋ ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነ የመጨረሻውና የመጀመሪያው ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም ወደ ቀኝ መዞር ይፈልጋሉ። ጥርስ ጥርስን ይይዝና ሁሉም ይቆለፋል። ተጋማሽ ቁጥር ቢሆኑ፣ 18 ወይም 20፣ ችግር አልነበረም።

ሳንቲም ላይ ሲሆን ይህ ማንንም አይጎዳም። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ግን ይኸው ሥዕል በጠባቡ ተደርጎ፣ ሦስት ማርሾች በሦስት ማዕዘን ተናክሰው፣ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች አርማና በር ላይ፣ በግቢያቸው ሐውልትም ላይ መታየቱ ነው። ትርጉሙ አንድነት፣ ትብብር፣ ሥራ እንዲሆን ታስቧል። ሦስት ማርሽ በሦስት ማዕዘን ግን በትክክል የሚያሳየው ማንም ማንንም ማንቀሳቀስ የማይችልበትን ሁኔታ ነው። ሌላ ቦታ ቢቆም አላፊ አግዳሚው ላያስተውለው ይችላል። እዚህ ግን ተመልካቹ ማርሽ የሚማር ልጅ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለውን ምልክት የማሽን ክፍል መምህሩ በኖራ ሰሌዳ ላይ ያፈርሰዋል።

የማምነው ይህን ነው፦ ለሙያ ትምህርት ቤት የሚሠራ ጥበብ ምሳሌ ከመሆኑ በፊት ሥራ ሆኖ እውነት መሆን አለበት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለተማሪው ብቻ የተባለ አይመስለኝም፤ በስሙ የሚቆመውን ሐውልት የሚነድፈውንም ይመለከታል።

ንድፉ ከስብሰባ ወደ ወርክሾፕ ሲወርድ

የእንዲህ ያለ ሥራ ዕጣ የሚወሰንበት ሰዓት አንድ ነው። እስከዚያ ድረስ ንድፉ በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቆየው። የሚነገረውም ትርጉሙ ነው፦ ይህ ክንፍ ተስፋ ነው፣ ይህ እጅ ትጋት ነው፣ ይህ ክብ ዓለም ነው። ከዚያ አንድ ቀን ወረቀቱ ወደ ወርክሾፕ ይወርድና ሞርሳው አጠገብ፣ ቅባት በነካው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። የብረታ ብረት መምህሩ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ስለ ትርጉሙ አይጠይቅም። «ይዞራል ወይ?» ይላል። ቀጥሎ፣ «ላሜራው ስንት ሚሊሜትር ነው? ውሃው በየት ይወጣል? ማን ነው ይህን መጋጠሚያ ከውስጥ በኩል የሚበይደው፣ እጅ አይገባምኮ?»

ብዙ ጊዜ እነዚህ ጥያቄዎች እንደ እንቅፋት ይታያሉ። ጥበብን በማይረዳ ሰው አፍ የወጡ ተደርገው በትሕትና ይታለፋሉ። እኔ እንደሚገባኝ ግን ሥራው የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። ሠዓሊው ጥያቄዎቹን እንደ ትችት ከተቀበላቸው የሚቀረው ማስዋብ ነው፤ እንደ ቁሳቁስ ከተቀበላቸው ግን ምሳሌው ከሙያው ውስጥ ይወጣል።

አንድ መከራከሪያ አለ፣ ቀላልም አይደለም። ምሳሌ ምሳሌ ነው፣ ለምን መሥራት አለበት ይባላል። የድንጋይ አንበሳ አያገሣም፣ ማንም ግን አንበሳነቱን አይክድም። እውነት ነው። ሆኖም የአንበሳው የኋላ እግር ወደ ፊት ታጥፎ ቢቀረጽ አዳኝ የሆነ ሰው ሐውልቱን ዳግመኛ ቀና ብሎ አያየውም። ማርሹ መዞር የለበትም እንበል፤ መዞር የሚችል ሆኖ ግን መቆም አለበት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ የሚያየው የሙያው ተማሪ ነው።

መፍትሔው ደግሞ የሚያስቀና ያህል ቀላል ነው። ማርሾቹ ሦስት እንዲሆኑ ከተፈለገ ሦስት ማዕዘኑን መክፈት ይበቃል። ሦስቱም እኩል ይሁኑ፣ እያንዳንዳቸው 40 ጥርስ፣ ሞጁላቸው 10። ሞጁል ማለት የመናከሻው ክብ ዲያሜትር ለጥርስ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የመናከሻው ክብ 400 ሚሊሜትር፣ የውጭው ዲያሜትር 420 ሚሊሜትር ይሆናል። የተናከሱት ማርሾች መሐል ለመሐል ርቀታቸው 400 ነው። ሦስቱም በሚነካኩበት አቀማመጥ መካከለኛው ማርሽ ላይ የሚፈጠረው ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ያንን ወደ 70 ዲግሪ ስንከፍተው የመጀመሪያውና የሦስተኛው መሐል ለመሐል ርቀት 459 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል፣ በጥርሶቻቸው ጫፍ መካከልም ወደ 39 ሚሊሜትር ክፍተት ይገኛል። ከሩቅ ለሚያይ ቅርጹ ያው ሦስት ማዕዘን ነው። አሁን ግን ይዞራል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት የጥርስ መጠን ነው። ትልቁና ትንሹ ማርሽ እኩል የጥርስ ብዛት ይሰጣቸዋል፣ በዚህም የትልቁ ጥርስ ሰፊ፣ የትንሹ ጠባብ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሁለት ማርሾች ፈጽሞ አይናከሱም። ሞጁሉ አንድ መሆን አለበት፤ 40 ጥርስ ያለው 400 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 20 ጥርስ ያለው 200 ነው፣ መሐል ለመሐልም 300 ላይ ይቀመጣሉ። በፕላዝማ የሚቆረጥ ከሆነ የመቁረጫው ነበልባል ጠርዙን ጥቂት ስለሚያዘነብለው፣ ዚንኩና ቀለሙም ውፍረት ስለሚጨምሩ፣ በጥርሶቹ መካከል ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ትርፍ ቦታ መተው ያሻል። አለዚያ ከመቀባቱ በፊት በደንብ የሚዞረው ነገር ከተቀባ በኋላ ይጣበቃል።

ከዚያ በኋላ፣ በነጻ ይዙር ወይስ ይቆለፍ የሚለውን መወሰን ነው። የእኔ ምርጫ መቆለፍ ነው። የተናከሱ ጥርሶች ጣት ይቀጠቅጣሉ፣ የግቢ ሐውልት ደግሞ እጅ የማይነካው ነገር አይደለም። በውስጡ የነሐስ ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉን የሚያቅፍ ቀለበት፣ እና የቅባት ማስገቢያ ያለው፣ ከኋላው ግን በፒን የታሰረ ማርሽ በቂ ነው። መምህሩ ማሳየት ሲፈልግ ፒኑን ይነቅላል፣ ማርሾቹ ይዞራሉ፣ ተማሪው የጥርሱን መግባትና መውጣት ያያል፣ ፒኑም ይመለሳል።

ሥር የሚያውቅ ተማሪ

በዚህ ረገድ ደጋግሜ የማስበው ሥራ በሜክሲኮ፣ ቴክስኮኮ አጠገብ በምትገኘው ቻፒንጎ ያለው ነው። ሜክሲኮአዊው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1927 በቀድሞ የባለርስት ግቢ ውስጥ ለተቋቋመው ብሔራዊ የግብርና ትምህርት ቤት የግድግዳ ሥዕሎች ሠራ። ደረጃው ላይ «እዚህ የሚማሩት መሬትን መበዝበዝ ነው፣ ሰውን አይደለም» የሚል ቃል ተጽፏል። በጸሎት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ለመሬት የታገሉት የሜክሲኮ አብዮተኞች ኤሚሊያኖ ዛፓታና ኦቲሊዮ ሞንታኞ በቀይ ከፈን ተጠቅልለው ከአፈር በታች ተኝተዋል፣ በላያቸው በቆሎ በቅሏል።

ይህ ሥዕል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ቢሆን ኖሮ የፖለቲካ መፈክር ነበር። የግብርና ተማሪ ፊት ሲቆም ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ተማሪው ሥር ወዴት እንደሚወርድና ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፣ የሞተ ነገር ለአፈር ምን እንደሚሰጥም በክፍል ተምሯል። ሪቬራ ምሳሌውን ከሰማይ አላወረደውም፤ ከትምህርቱ ውስጥ ነው ያነሣው። ስለዚህ ማብራሪያ ጽሑፍ አያስፈልገውም።

የአሠራሩም ነገር ለሙያ ሰው ይናገራል። በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ የሚሳል ሥዕል ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል፣ ኖራው ሲደርቅ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ቀለሙን ድንጋይ ውስጥ ይዘጋዋል። ሠዓሊው በአንድ ቀን የሚሥለው ለሣኙ በዚያ ጠዋት የለሰነውን ያህል ብቻ ነው። የግንበኛው ሙያ የሠዓሊውን ቀን ይለካል ማለት ነው። ይህንን ዘዴ መከተል ለማይችል ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ የሲሚንቶ ልስን ሳይደርቅ፣ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው፣ የፕላስቲክ ቀለም አይቀባ። ከሥር እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ጨው እየገፋ ይልጠዋል። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የሚተነፍስ የሲሊኬት ቀለም ይሻላል፣ እሱም በአሮጌ የፕላስቲክ ቀለም ላይ ስለማይይዝ ግድግዳው እስከ ልስኑ ድረስ መፋቅ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ቫልተር ግሮፒየስ እ.ኤ.አ. በ1919 ቫይማር ላይ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት በማስታወቂያው ሽፋን ላይ የወጣው የሊዮኔል ፋይኒንገር የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነበር፤ ሦስት ኮከቦች ያሉት ካቴድራል፣ ኮከቦቹም ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና ሕንጻን የሚወክሉ። በወርክሾፖቹ ውስጥም ሁለት መምህራን ተመደቡ፣ አንዱ ለቅርጽ፣ ሌላው ለሙያው። ያ ጥምረት ከላይ ያነሣሁት የወርክሾፕ ጥያቄ በቋሚነት እንዲነሣ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። የ1923ቱ ኤግዚቢሽን ሲደርስ ኦስካር ሽሌመር በወርክሾፑ ሕንጻ ውስጥ የግድግዳ ሥዕሎችና ጎላ ያሉ ቅርጾችን ሠራ። በ1930 ግን በዚያው ቦታ የተተካው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ፓውል ሹልትሰ ናውምቡርግ እንዲጠፉ አዘዘ፣ ጠፉም።

አብዛኛው የትምህርት ቤት ጥበብ የሚጠፋው በፖለቲካ ጠላት እጅ አይደለም። በቀለም እድሳት፣ በአዲስ መስኮት፣ «ይህ ምን ያደርጋል» በሚል አዲስ ኃላፊ ይጠፋል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ድንጋጌ ከትምህርት ቤት ሕንጻ ግንባታ ወጪ አንድ በመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል አድርጓል። በዚያ ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ የሚስበኝ ጊዜው ነው። በጀቱ ከሕንጻው ጋር ሲያዝ ሠዓሊው መሠረት ሳይፈስ ይመጣል፤ የሚቀበሩት ብሎኖች፣ የመብራቱ ቱቦ፣ የውሃው መውረጃ ከአርማታው ጋር አብረው ይታሰባሉ። ሕንጻው ካለቀ በኋላ የመጣ ሐውልት ግን መሠረቱን ለማግኘት የተነጠፈውን ይሰብራል፣ ገመዱም በግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል።

ሁሉም ክፍል የየራሱን ብረት ሲያመጣ

በቅንነት የሚታሰብ፣ በብዙ ቦታም የሚሞከር ሐሳብ አለ። እያንዳንዱ የሥልጠና ክፍል ከራሱ ቁሳቁስ ያዋጣ ይባላል። ኤሌክትሪኮች መዳብ፣ የበርና መስኮት ሠራተኞች አሉሚኒየም፣ ቶርኖ ቤቱ ብረት፣ የቧንቧ ክፍል በዚንክ የተነከረ ቱቦ። ሁሉም በአንድ ሐውልት ላይ በብሎን ይታሰራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ብሎ ያልተደሰተ የለም።

ከዚያ ይዘንባል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው በመካከላቸው ውሃ ሲገባ የተሠራው ባትሪ ነው። ደካማው ብረት እየሟሟ ጠንካራውን ይጠብቃል። ከደካማው ወደ ጠንካራው ቅደም ተከተሉ ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ተራ ብረት፣ ናስ፣ መዳብ፣ በመጨረሻም የማይዝግ ብረት ነው። በተከታታዩ ላይ በተራራቁ ቁጥር ጥፋቱ ይፈጥናል። የአንድነቱ ምልክት አንዱ ሌላውን የሚበላበት ዕቃ ይሆናል።

ይበልጥ የሚዘነጋው የስፋት ጉዳይ ነው። ሰፊ የመዳብ ላሜራ በትናንሽ ተራ የብረት ብሎኖች ቢታሰር ጥፋቱ በሙሉ በብሎኖቹ ላይ ያርፋልና ቶሎ ያልቃሉ። በተቃራኒው ሰፊ የብረት ገጽ ላይ ትንሽ የመዳብ ማስጌጫ ቢጣበቅ ጉዳቱ በሰፊው ተበታትኖ ብዙም አይታይም። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው፦ ማሰሪያው ከሚታሰረው ብረት የሚልቅ ይሁን። ለብረትም ለአሉሚኒየምም የማይዝግ ብረት ብሎን ይሄዳል፣ የተራ ብረት ብሎን ግን መዳብ ላይ አይገባም። መዳብን ላይ፣ አሉሚኒየምን ታች ማድረግም አይቻልም። ባይነካኩም እንኳ ከመዳቡ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ የመዳብ ቅንጣት ይዞ ይወርድና አሉሚኒየሙን ይበሳሳዋል። አሉሚኒየሙ ላይ ይሁን፣ መዳቡ ታች።

ይህ የትልቅ ሐውልት ታሪክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተመረቀው የኒውዮርኩ የነጻነት ሐውልት ቆዳው 2.4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ መዳብ፣ ቆዳውን የደገፉት አሞሌዎች ብረት ነበሩ። የሠሩት ሰዎች አደጋውን ያውቁት ስለነበር በመካከላቸው በሙጫ የተነከረ አስቤስቶስ አስገብተዋል። መለያው ከጊዜ ብዛት አለቀ፣ ብረቱ ዛገ፣ ዝገቱም አብጦ የመዳቡን ማያያዣዎች እየነቀለ ጣለ። በ1986 በተጠናቀቀው እድሳት አሞሌዎቹ በማይዝግ ብረት ተተኩ፣ በመካከልም ቴፍሎን ገባ።

ስለዚህ ሐሳቡ መጣል የለበትም፣ በትክክል መለየት ግን አለበት። በሁለቱ ብረቶች መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የኒዮፕሪን ጎማ ይነጠፋል። የናይለን ሮንዴላ ብቻ አይበቃም፤ የብሎኑ አንገት ቀዳዳው ውስጥ ሁለቱንም ብረት ስለሚነካ የፕላስቲክ እጅጌ ያስፈልገዋል፣ ለእጅጌው ሲባልም ቀዳዳው ከብሎኑ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሰፍቶ ይበሳል። ሲያልቅ የኤሌክትሪክ ተማሪዎች በመለኪያቸው ይፈትሹታል። ደረቅ በሆነበት ሰዓት አንዱ ጫፍ መዳቡ ላይ፣ ሌላው ብረቱ ላይ ይደረግና መሣሪያው ከጮኸ የሆነ ቦታ ንክኪ አለ፤ ተፈትቶ ይፈለጋል። በእኔ ግምት ይህ ፍተሻ ራሱ የሐውልቱ አካል ነው። ክፍሎቹ በእውነት የተባበሩት መዳብ በማዋጣታቸው አይደለም፣ አንዱ የሌላውን ሥራ በመፈተሹ ነው።

መለያየቱ ሙቀትንም ያስታውስ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይረዝማል። ብረት ላይ የታሰረ የ3 ሜትር አሉሚኒየም በ40 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ከተሸካሚው በ1.4 ሚሊሜትር ገደማ ይበልጣል። አንዱ ጫፍ በደንብ ይታሰር፣ የቀሩት ቀዳዳዎች ግን ሞላላ ይሁኑ። ያለዚያ ላሜራው ይጎብጣል ወይም ብሎኑ ይላላል።

ያረጀ መሣሪያ ለብየዳ ሲቀርብ

ከተጣሉ መፍቻዎች፣ ሰንሰለቶች፣ ማርሾችና ኩሽኔታዎች የሚሠራ የሠራተኛ ምስል እወዳለሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሥራ የሠራ ነው፣ የእጅ ልክ ያለበት ነው። ነገር ግን ለተማሪ በያጅ ከዚህ የሚከብድ ቁሳቁስ የለም፣ አስቀድሞ ካልተነገረውም ይጎዳል።

መጀመሪያ ሽፋኑ። መፍቻዎች በክሮም፣ ብሎኖችና ቱቦዎች በዚንክ የተለበጡ ናቸው። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣውን ነጭ ጢስ የሳበ ሰው ማታ በብርድና በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፤ የክሮሙ ጢስ ደግሞ ካንሰር የሚያመጣ ነው። ከሚበየደው ቦታ ሽፋኑ ይነሣ፣ በሚነሣበት ጊዜም ማስክ ይደረግ፣ ብየዳው ጢስ መሳቢያ ባለበት ይሁን። ሰንሰለትና ኩሽኔታ ቅባታቸው ውስጥ ስለሚቀር በማጽጃ ተነክረው ይደሩ። ሾክ አብዞርበር፣ የጋዝ ሲሊንደርና ሌላ ማንኛውም የታሸገ ዕቃ ለብየዳ አይቅረብ፤ ይፈነዳል።

ሁለተኛው የብረቱ ዓይነት ነው። መዶሻ፣ ሞረድና መሮ ካርቦን የበዛባቸው ስለሆኑ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ከመስመሩ ጎን ይሰነጠቃሉ። ከብየዳው በፊት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ማሞቅ፣ 7018 በሚባለው ኤሌክትሮድ፣ አድርቆ፣ መበየድ፣ ከዚያም በደረቅ አሸዋ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ያድናቸዋል። ከጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ ከተቀዳ ብረት፣ የተሠራ የሞተር አካል በተራ ኤሌክትሮድ አይያዝም። የኒኬል ኤሌክትሮድ፣ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ብቻ፣ በየመሐሉ በትንሽ መዶሻ እየቀጠቀጡ፣ እጅ እስኪያስችል እየጠበቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ የቸኮለ በያጅ ጥርት ያለ «ጭክ» የሚል ድምፅ ይሰማና ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። የተደራረቡ መፍቻዎች በመካከላቸው ውሃ ይይዛሉ፣ ዝገት ደግሞ ከመጣበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ብየዳውን ከውስጥ ይገነጥላል። መጋጠሚያው ወይ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ይበየድ፣ ወይ አየር እንዲያልፍበት ክፍት ይተው። ግማሽ በግማሽ የሆነው ነው የሚገድለው። ከቱቦላሬ የተሠራ አካል በሙሉ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር የውሃ መውጫ ያስፈልገዋል። ዚንክ ውስጥ የሚነከር ከሆነማ የታችና የላይ ቀዳዳው የግድ ነው፣ እንደ ቱቦው ስፋትም ከዚህ ይበልጣል። የቀለጠው ዚንክ 450 ዲግሪ ስለሚሆን በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የቀረ እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ያፈነዳዋል። የዚንኩን ገንዳ ርዝመት አስቀድሞ መጠየቅም ይገባል፣ ሐውልቱ ከገንዳው የሚበልጥ ከሆነ በብሎን የሚገጠም ሆኖ በሁለት ይሠራል። ከተነከረ በኋላ በቀጥታ ቀለም ማፍሰስ አያዋጣም፤ ገጹ በቀላል የአሸዋ ንፊያ ካልሻከረ ቀለሙ እየተላጠ ይነሣል።

ነፋሱና የሚወጡበት ልጆች

መሠረቱ በግምት የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ሒሳቡ ግን በሙያ ተማሪ ደብተር ላይ ይሠራል። ነፋስ በሰከንድ 40 ሜትር ቢነፍስ የሚያሳርፈው ግፊት 0.613 ሲባዛ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፣ 981 ኒውተን በካሬ ሜትር። ነፋሱን የሚገጥመው ገጽ 4 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ቅርጹ ነፋስን ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ 1.3 ቢያዝ፣ ኃይሉ 5.1 ኪሎ ኒውተን ነው። ገጹ መሐሉ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ያለ፣ መሠረቱ 0.8 ሜትር ጥልቀት ያለው ከሆነ፣ ከመሠረቱ ግርጌ ሲለካ የሚገለብጠው ጉልበት 5.1 ሲባዛ በ3.8፣ ማለትም 19.4 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሆናል። ጎኑ 1.5 በ1.5 ሜትር የሆነ አርማታ 43.2 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል፣ በግማሽ ጎኑ ሲባዛም 32.4 ይመልሳል። ንጽጽሩ 1.67 ስለሆነ ከተለመደው የደኅንነት ልክ፣ ከ1.5፣ በላይ ነው። የአካባቢውን የነፋስ ፍጥነትና የአፈሩን አቅም መሐንዲስ ያረጋግጠው፤ ሒሳቡን ግን ልጆቹ ይሥሩት። ብሎኖቹ አርማታው ሳይደርቅ በላሜራ ቅርጽ ማውጫ ተይዘው መቆም አለባቸው፣ በእጅ ግምት የተተከለ ብሎን ከቀዳዳው አይገጥምም። የእግሩ ላሜራ ከአርማታው ከ30 እስከ 50 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ በማይኮማተር ሲሚንቶ ይሞላ፣ ጠርዙም ውሃ እንዲወርድበት ወደ ውጭ ያዘንብል።

ልጆች ይወጡበታል። ይህን እንደ ጥፋት ማየት አያስፈልግም፣ እንደ ጭነት መቁጠር እንጂ። በልጆች መጫወቻ ሜዳ ዕቃዎች ላይ የሚሠራበት የአውሮፓ መለኪያ ከ8 እስከ 25 ሚሊሜትር የሆነ ክፍተት ጣት ይይዛል፣ ከ89 እስከ 230 ሚሊሜትር የሆነው ደግሞ ጭንቅላት ይይዛል ይላል። በንድፉ ላይ በእነዚህ መካከል የወደቀ ክፍተት ካለ ይጥበብ ወይም ይስፋ። ከላይ የሰጠሁት የማርሾቹ 39 ሚሊሜትር ከሁለቱም ውጭ ነው።

የሚተላለፈው ፋይል

ሥራው ሲመረቅ ሠዓሊው ለትምህርት ቤቱ የሚያስረክበው ቁልፍና ፎቶ ብቻ ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚጠግነው ሰው በጨለማ ይሠራል። ፋይሉ የብረቱን ዓይነትና ውፍረት፣ የኤሌክትሮዱን ቁጥር፣ የቀለሙን ሥሪትና መለያ ቁጥር፣ የብሎኖቹን መጠንና ማጥበቂያ ኃይል፣ የመሠረቱን ንድፍ ይያዝ። ውሉ ደግሞ ሐውልቱን ለማንሣት ወይም ለማዛወር ማን እንደሚወስንና ሠዓሊው ቀድሞ እንዲያውቅ እንደሚደረግ ይጻፍበት። የሽሌመርን ሥራ በ1930 ውል አያድነውም ነበር፣ ሁሉም ትእዛዝ ግን ያን ያህል ብርቱ አይደለም። ለቀለም እድሳት የመጣ ተቋራጭ «ይህ እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ሲያይ ብዙ ጊዜ ያቆማል።

ፍተሻው በየዓመቱ ከትምህርቱ ጋር ቢያያዝ ጥሩ ነው፣ ከዝናብ ወቅት በፊት። የውሃ መውጫዎቹ በሽቦ ይጠረጉ፣ ብሎኖቹ በማጥበቂያ መለኪያ ይፈተሹ፣ የቀለሙ ውፍረት በተመሳሳይ ቦታዎች ላይ ተለክቶ ካለፈው ዓመት ቁጥር ጋር ይስተያይ፣ የማርሹ ቡሽ ቅባት ይጨመርለት። የተሰነጠቀ ብየዳ ከተገኘ የዚያ ዓመት የብየዳ ተማሪዎች ፈጭተው ያወጡታል፣ ደግመውም ይበይዱታል፤ ከዚያ የኤሌክትሮዱን ዓይነት፣ ቀኑንና ስማቸውን ከቀደሙት ስሞች ሥር በፋይሉ ላይ ያሰፍራሉ።